ንስሩ መንቆሩን አልሰበረም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። አንዴ ከአክስቴ፣ አንዴ ከመሥሪያ ቤት ግሩፕ፣ አንዴ ደግሞ ዓመት ሙሉ ድምፁን ካልሰማሁት የድሮ የክፍል ጓደኛዬ። «ከወፎች የምንማራቸው የሕይወት ትምህርቶች» ይላል ርዕሱ። የጸሐፊው ስም የለበትም። አካሄዱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ወፍ አንድ ጠባይ ይሰጠዋል፤ ከጠባዩ አንድ ምክር ይወጣል። ንስር ራሱን ያድሳል። ጥንብ አንሳ የሰነፍ ምሳሌ ነው። ሰጎን ፈሪ ናት። እርኩም ቀናተኛ ባል ነው። ጉጉት ቀን አታይም። ማር መሪ ቂመኛ ነው። ወፍ በጠቅላላው ግን ነጻ ነው፣ ክንፍ ድንበር አያውቅም። በመጨረሻም «ለአሥር ሰው ያጋሩ» ይላል።

አክስቴ «ደስ ይላል፣ አንብበው» ብላ ነው የላከችልኝ። «እሺ» አልኳት። ካነበብኩት በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ምክሮቹ ላይ ጠብ የለኝም። ትጉ፣ አትፍሩ፣ ቂም አትያዙ ቢባል ማን ይጠላል? የእኔ ቅሬታ ወፎቹ ጽሑፉ ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ስማቸው አለ፤ እነሱ የሉም። ጸሐፊው አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው ሰማይ ያዩ አይመስለኝም። ስለዚህ በእሳቸው ቅደም ተከተል እየሄድኩ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ንስር 40 ዓመት ሲሞላው መንቆሩን ሰብሮ እንደገና ይወለዳል»

ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ በምረቃ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ እንኳ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ነው የሚባለው። ንስር 70 ዓመት ይኖራል። 40 ሲሞላው መንቆሩ ይጎብጣል፣ ጥፍሩ ይደንዛል፣ ላባው ይከብደዋል። ያን ጊዜ ተራራ ላይ ይወጣና መንቆሩን ከአለት ጋር እያጋጨ ይሰብረዋል። አዲስ መንቆር ሲያበቅል በሱ ጥፍሩን ይነቅላል። አዲስ ጥፍር ሲያበቅል በሱ ላባውን ይነጫል። ከ150 ቀን በኋላ ጎረምሳ ሆኖ ይነሣና ሌላ 30 ዓመት ይኖራል።

ከዕድሜው እንጀምር። ዱር የሚኖር ትልቅ ንስር 20 ወይም 30 ዓመት ከኖረ ጥሩ ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ በ1977 እግሩ ላይ መለያ ቀለበት የተደረገለት አንድ ራሰ ነጭ ንስር በ2015 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ መኪና ገጭቶት ሞተ። 38 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ እዚያ አገር በዱር ከተመዘገቡት ራሰ ነጭ ንስሮች ሁሉ ሽማግሌው እሱ ነበር። እንግዲህ ሪከርዱን የያዘው ንስር ራሱ መንቆር መስበሪያው ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ነው የሞተው።

መንቆሩስ? የወፍ መንቆር ውስጡ አጥንት ነው። ከላይ የለበሰው ሽፋን ደግሞ የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ከኬራቲን ነው የተሠራው። ሽፋኑ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ወፉ ሲበላበትና ከእንጨት ጋር ሲፈትገው ደግሞ ይሞረዳል። ስለዚህ 40 ዓመት ሙሉ የሚጠራቀም ነገር የለም። አጥንቱ ከተሰበረ ግን አለቀ፣ ተመልሶ አይበቅልም። አላስካ ውስጥ በ2005 ቢዩቲ የተባለች ንስር የላይኛው መንቆሯ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። መብላት አልቻለችም። ላባዋን ማበጠር አልቻለችም። ሰዎች በእጃቸው እያጎረሱ ነው ያቆዩዋት። በኋላ በ3ዲ ፕሪንተር ሰው ሠራሽ መንቆር ተሠራላት። መንቆር እንደ ጸጉር የሚበቅል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርግ ነበር?

ደግሞ 150 ቀን! አምስት ወር ያለ ምግብ፣ ተራራ ላይ፣ ያለ ላባ፣ በብርድ። ይህ መታደስ ሳይሆን ራስን ማጥፋት ነው።

የሚያናድደኝ እውነተኛው የንስር መታደስ ከዚህ ተረት የበለጠ ማማሩ ነው። ንስር ላባውን በእርግጥ ይቀይራል። ግን አንድ ላይ አይነጨውም። ጥቂት ጥቂት እያለ ይጥላል። ብዙ ጊዜ ከግራ ክንፍ አንድ ሲወድቅ ከቀኝም አቻው ይወድቃል፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እየበረረ፣ እያደነ፣ ጫጩት እያሳደገ ነው። ሥራ ሳያቋርጥ ቤቱን እንደሚያድስ ሰው። መዝሙረ ዳዊት ጎልማሳነት እንደ ንስር ይታደሳል ሲል ይህ ይበቃዋል። ዳዊት ስለ አለትና ስለ ተሰበረ መንቆር ምንም አላለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ መዝሙር ውስጥ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ነሸር» ነው፣ የእኛ «ንስር» ወንድም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ግን በዛሬው ዕብራይስጥ ነሸር የሚባለው ጥንብ አንሳ ነው። ጸሐፊው በአንደኛው አንቀጽ ያወደሱትንና በሁለተኛው አንቀጽ የሰደቡትን ወፍ ልብ በሉ።

ጸሐፊው አክለውም «ንስር ከወፍ ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ይበራል» ይላሉ። ይህም አይደለም። በኅዳር 1973 በአይቮሪ ኮስት አቢጃን ሰማይ ላይ አንድ ወፍ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከፍታው 11,300 ሜትር ገደማ ነበር። ከሞተሩ የተገኘው ላባ ሲመረመር የማን ሆነ? የሩፔል ጥንብ አንሳ። በእኛ ደጋ ገደሎች ላይ ጎጆ የሚሠራው፣ ከብት ሲሞት ቀድሞ የሚያንዣብበው፣ እሱው።

«ጥንብ አንሳ ሰነፍና ቆሻሻ ነው፤ ከሩቅ አሽትቶ ይመጣል፣ በሽታ ያዛምታል»

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ስሕተት መክተት ችሎታ ይጠይቃል።

ማሽተቱን እንይ። አሜሪካ አህጉር ውስጥ በአፍንጫው ጥንብ የሚያገኝ አንድ ታዋቂ አሞራ አለ፤ ራሱ ቀይ ነው። የእኛዎቹ ግን ከዚያኛው ጋር ሥጋ ዘመድ እንኳ አይደሉም። መልካቸውን ያመሳሰለው ሥራቸው ነው። የአፍሪካ ጥንብ አንሳ የሚሠራው በዓይኑ ነው። ከፍ ብሎ መሬቱን ያያል፤ ጎረቤቱንም ያያል። አንዱ ቁልቁል ሲወርድ ካየ፣ እዚያ ማዶ ያለው ይከተላል። የሱን መውረድ ደግሞ ሌላ ማዶ ያለው ያያል። አንድ በሬ ወድቆ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ወሬ በመንደር እንደሚሄደው ነው የሚሄደው።

ራሱ መላጣ የሆነው ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። በደም የተለወሰ ላባ ማጽዳት ከባድ ነው። መላጣ ቆዳ ግን ፀሐይ ያደርቀዋል። ሲሞቀው ሙቀት ያስወጣበታል፤ ሲበርደው አንገቱን ሰብስቦ ላባው ውስጥ ይከተዋል።

ሀዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳን ያውቀዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ ሽማግሌ መስሎ፣ ካፖርት የለበሰ መስሎ፣ አንገቱን ሰብሮ አጠገባቸው ይቆማል። ጥንብ አንሳ አይደለም፣ የራዛ ዘመድ ነው፤ ግን ሙያቸው ይገናኛል። ጸሐፊው እሱንም አልማሩትም። «በኮዳው ውስጥ ዓሣ ያጠራቅማል፣ ስግብግብ» ብለውታል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት! አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ስንቅ መያዣ አይደለም። ውስጡ አየር ነው። ሴት ሲያማልልና ሌላውን ሲያስፈራራ ይነፋዋል። አንድ ሌላም ነገር አለው፤ እግሩን ያያችሁ እንደሆነ ነጭ ካልሲ ያደረገ ይመስላል። የእግሩ ቆዳ ጠቆር ያለ ነው። ነጩ የገዛ ኩሱ ነው። ሆን ብሎ እግሩ ላይ ይለቀዋል፤ ፈሳሹ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ቁርስ እየበላችሁ ከሆነ ይቅርታ።

በሽታ ማዛመቱ ግን ቀልድ አይደለም። ጥንብ አንሳ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ነው። ሌላ እንስሳ ቢበላው የሚሞትበትን የበሰበሰ ሥጋ ይፈጨዋል። በሽታውን አያመላልስም፤ ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል። ይህን ሕንድ በብዙ ዋጋ ተማረችው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ እዚያ ጥንብ አንሳ እንደ እኛ አገር ቁራ ብዙ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ምክንያቱ ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ2004 ነው የተደረሰበት። ዳይክሎፌናክ! እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንወጋው ያው መድኃኒት። ለታመሙ ከብቶች ይሰጥ ነበር። ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ታገደ። እስከዚያ ግን ሬሳው የሚያነሣው አጥቶ የውሻ መንጋ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ስጋቱ ጨመረ።

የእኛዎቹም ደህና አይደሉም። በየቄራው ዙሪያ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳና ያ አውሮፕላን ጋር የተጋጨው የሩፔል ዘመዳችን ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። አንዱ ገዳያቸው ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚነሰነስ መርዝ ነው።

«ሰነፍ» ለሚለው መልሴ ጢማሙ ጥንብ አንሳ ነው። ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ምናልባት አይቶታል። አገጩ ላይ ጥቁር ጢም አለው፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል፣ እንደ ዘመዶቹ መላጣ አይደለም። አብዛኛው ምግቡ አጥንት ነው። ሥጋ ሳይሆን አጥንት! ሌሎቹ በልተው ሲጨርሱ ይመጣል። ትንሹን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል። ትልቁን በእግሩ ይዞ ከፍ ይልና አለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ ያነሣና እንደገና ይሞክራል። አንዱን አለት ደጋግሞ ስለሚጠቀም ቦታው በአጥንት ስብርባሪ ይሞላል። ሌላም አመል አለው። ደረቱ ላይ ያለው ላባ በተፈጥሮው ነጭ ነው፤ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየታጠበ እሱ ራሱ ነው ብርቱካናማ የሚያደርገው። ለምን እንደሚቀባ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ሂና መሆኑ ነው እንግዲህ።

«ሰጎን ስትፈራ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች»

ይህ ስም ማጥፋት ዕድሜ ጠገብ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ሰጎን አንገቷን ቁጥቋጦ ውስጥ ከከተተች የተደበቀች ይመስላታል ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦው አሸዋ ሆነ። ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ የምትቀብር ሰጎን ብትኖር ታፍና ትሞት ነበር።

ሰዎች ያዩት ነገር ግን አለ። ሰጎን ጎጆዋን መሬት ላይ ነው የምትሠራው፤ ጭራ ያደረገችው ጉድጓድ በሉት። እንቁላሎቹን ለማገላበጥ ጎንበስ ስትል ከሩቅ ጭንቅላቷ የጠፋ ይመስላል። ስትታቀፍ አደጋ ካየች ደግሞ አንገቷን መሬት ላይ ለጥ ታደርጋለች። ከሩቅ የምስጥ ኩይሳ ነው የምትመስለው። ይህ ፍርሃት ሳይሆን ብልሃት ነው። ካልሆነላት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ያም ካልሆነ እርግጫዋ አለ፤ በዚያ በሁለት ጣቷ። ከወፍ ሁሉ እግሯ ሁለት ጣት ብቻ ያለው እሷ ነች።

ጸሐፊው ወዲያው ቀጥለው «ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው በዓይኗ ትኩር ብላ በማየት ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ትርጓሜው የታወቀ ነው። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል እግዚአብሔርም ዓይኑን ከእኛ አይነቅልም፤ እኛም በጸሎት ልባችንን ከእሱ አንንቀል። እሱ ምሳሌ ነው፣ እንደ ምሳሌነቱ ቆንጆ ነው፣ እኔም ቀና ብዬ ሳየው ደስ ይለኛል። ጸሐፊው ግን «ሳይንስ አረጋግጧል» ብለው ጨመሩበት። ሳይንስ ይህን አላረጋገጠም።

የሚታቀፉት ተራ ገብተው ነው። ቀን ሴቷ፣ ማታ ወንዱ። ቡናማዋ ሴት ቀን ላይ ከአፈሩ ጋር ትመሳሰላለች። ጥቁሩ ወንድ ደግሞ ጨለማው ይሸፍነዋል። 42 ቀን አካባቢ ይፈጃል። አንድ ጎጆ ውስጥ ብዙ ሴቶች ይጥላሉ፤ የምትታቀፈው ግን ዋናዋ እመቤት ብቻ ነች። እንቁላሉ ከሚታቀፉት ቁጥር ሲበዛ ዋናዋ የራሷን ለይታ መሐል ታስቀምጣለች፣ የሌሎቹን ወደ ዳር ትገፋለች። ጅብ ወይም ቀበሮ ሲመጣ ቀድሞ የሚበላው የዳሩ ነው። ያን ሁሉ ተመሳሳይ ነጭ እንቁላል እንዴት ትለየዋለች? ዓይኗ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአእምሮዋ ይበልጣል። እንግዲህ «ትኩር ብላ ታያለች» የሚለው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የምታየው ግን የማን እንደሆነ ለመለየት ነው።

በነገራችን ላይ አዋሽ ፓርክ የምናየው ሰጎን ፊልም ላይ ከምናየው ይለያል። የወንዱ አንገትና ጭን ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ የሌሎቹ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ነው። ከ2014 ጀምሮ የሶማሌ ሰጎን ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል።

«እርኩም ቀናተኛ ነው፤ ሚስቱን ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ያስርና በጭቃ ይመርግባታል»

በመጀመሪያ ወፉን ተሳስተዋል። እርኩም ያ ትልቁ፣ ጥቁሩ፣ መሬት ለመሬት እንደ ገበሬ ማሳ እየረገጠ የሚሄደው ነው። ሲበርር ብቻ ነው የክንፉ ጫፍ ነጭ መሆኑ የሚታየው። ጉሮሮውን ስታዩ ቀይ ካለበት ወንድ ነው፤ ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ሴት ነች። እርኩም ዛፍ ወይም አለት ውስጥ ጎጆ ይሠራል፣ በሩን ግን አይመርግም። ሴቷ ታቅፋ ትቀመጣለች፣ እሱ ምግብ ያመላልሳል፣ በሩ ክፍት ነው።

በሩን የሚመርጉት ሌሎች ዘመዶቹ ናቸው። ወንዶ ገነት ዛፎች ላይ ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ ቆብ የደፋ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ወፍ ሲንጫጫ ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ አንዱ ነው። ግን እዚያም ቢሆን የሚያስር ባል የለም። ሴቷ ራሷ ትገባለች። ባሏ ጭቃ ያቀብላታል፣ ከውስጥ ሆና የምትመርገው እሷ ናት። መንቆር የምታሳልፍ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች። ከዚያ ወንዱ ለወራት ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ሴቷ እዚያው ውስጥ የመብረሪያ ላባዋን ጥላ አዲስ ታበቅላለች። እባብና ዝንጀሮ አይደርሱባትም። ጊዜው ሲደርስ የመረገችውን ራሷ ሰብራ ትወጣለች። ይህ እስር ቤት ከሆነ ቁልፉ በታሳሪዋ እጅ ያለበት እስር ቤት ነው። እንዲያውም የታሰረው ባልየው ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ጉጉትን በአጭሩ። «ቀን አታይም፤ ጭንቅላቷን ሙሉ ዙር ታዞራለች» ተብሏል። ቀን ታያለች። የምትተኛው የሥራ ሰዓቷ ማታ ስለሆነ ነው። ሙሉ ዙርም አታዞርም፤ 270 ዲግሪ ግን ታዞራለች፣ ሦስት አራተኛ ማለት ነው። ግድ ሆኖባት ነው። ዓይኗ እንደ እኛ ክብ ሳይሆን እንደ ቱቦ ረዝሞ አጥንት ውስጥ የተተከለ ስለሆነ ግራና ቀኝ አይንቀሳቀስም። በምትኩ አንገቷ ውስጥ 14 አጥንት አላት፤ እኛ 7 ነው ያለን። ሟርት ታመጣለች ስለሚባለው፣ አያቴ ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ጨው እሳት ላይ ትበትን ነበር። አይጥ ስለሚበዛባት ደግሞ ድመት ታሳድግ ነበር። ጉጉቷ ጣሪያው ላይ ምን ልትሠራ እንደመጣች ማንም አልነገራትም።

የሌሊት ወፍንም ጸሐፊው ከወፍ ቆጥረውታል። ኦሪት ዘሌዋውያንም ከወፎች ጋር ስለሚዘረዝረው፣ ስሙም ራሱ ወፍ ስለሚለው፣ ይህን አልፈርድባቸውም። ይወልዳል፣ ያጠባል፣ ጸጉር አለው። እንለፈው።

«ማር መሪ ድርሻውን ካልሰጡት ቂም ይዞ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አንበሳ ይመራል»

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ግማሽ ማርክ እሰጣለሁ። መምራቱ እውነት ነው። ከማውቃቸው የወፍ ጠባዮች ሁሉ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ወፉ ራሱ ብታዩት የሚያስታውስ መልክ የለውም፤ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጭራው ዳር ነጭ። ሰው ሲያይ እየተንጫጫ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ሲከተሉት ይቀጥላል። ንቡ ያለበት ሲደርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሰውየው አጭሶ ማሩን ይቆርጣል፤ ወፉ ሰሙን ይበላል። ሰም መፍጨት የሚችል ሆድ በእንስሳ ዓለም ብርቅ ነው። በ1588 ሞዛምቢክ ሶፋላ የነበረ ጆአዎ ዶስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ይህች ወፍ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እየገባች የሻማውን ሰም ትበላ እንደነበር ጽፏል። ጧፋችሁን ጠብቁ።

የቦረና ማር ቆራጮች ወፉን የሚጠሩት በፉጨት ነው፤ በተጨበጠ እጅ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት ይነፉታል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። በ1989 ሁሴን አይዛክና ሄንዝ ኡልሪክ ራየር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰሜን ኬንያ ካሉ ቦረናዎች ጋር ሦስት ዓመት የሠሩትን ጥናት አወጡ። ማር ቆራጮቹ በማያውቁት አካባቢ ወፍ ሳይመራቸው አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ወፉ ከመራቸው 3.2 ሰዓት። ማር ቆራጮቹ ወፉ አቅጣጫንና ርቀትን ይነግረናል ይሉ ነበር፤ ሲለካ እውነታቸውን ሆኖ ተገኘ። የመጽሐፍ ሰው ያልሆኑ አባቶች ሲናገሩት «አፈ ታሪክ» የተባለ ነገር ሁሉ አፈ ታሪክ አይደለም። ከእኔም ከጸሐፊውም ይልቅ የቦረና ማር ቆራጭ ያውቃል፤ ምክንያቱም እሱ ወፉን ያያል።

ቂሙ ነው የማይሆነው። ታሪኩ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ይነገራል፤ ለሰውየው ስስት መግቻ ይሆናል እንጂ ለወፉ አይጠቅመውም። ወደ አንበሳ ቢመራ ሰም ከየት ያገኛል? ታንዛኒያ ያሉት ሀድዛዎች ደግሞ ጭራሽ ሰሙን ይቀብሩበታል ወይም ያቃጥሉበታል። ወፉ እንዳይጠግብና መምራቱን እንዳያቆም ብለው ነው። እና ምን ያደርጋል? ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይመራቸዋል። ቂም ቢኖረው ኖሮ የሀድዛ ማር ቆራጭ ሁሉ አንበሳ በልቶት አልቆ ነበር።

ጸሐፊው የወፉን ክፋት ከፈለጉ ግን ሌላ ቦታ ላሳያቸው። ማር መሪ የራሱ ጎጆ የለውም። ሴቷ ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቷ ስትፈለፈል ዓይኗ አልተከፈተም፣ ራቁቷን ናት፣ ያለችበት ጉድጓድ ጨለማ ነው። መንቆሯ ጫፍ ላይ ግን ሁለት የሾሉ ሜንጦዎች አሏት። የባለቤቶቹን ጫጩቶች እየነከሰች ትጨርሳቸዋለች። አሳዳጊዎቹ ወላጆች ብቻዋን የቀረችውን ይመግባሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሜንጦው ይወድቃል። ያቺ ጫጩት አድጋ ነው መንገድ የምትመራን። «ታማኝ ወዳጅ» የሚለውን ምክር እዚህ ላይ እንዴት እንደሚያወጡት አላውቅም።

«ወፍ ነጻ ነው፤ ክንፍ ድንበር አያውቅም»

የመዝጊያቸው አረፍተ ነገር ይህ ነው፤ አክስቴም ከሥሩ ሦስት የእርግብ ስዕል አድርጋበታለች።

ወደ ቦረና እንመለስ። ያቤሎ፣ ሜጋና አሬሮ አካባቢ ግራጫ ሰውነት፣ ጥቁር ክንፍና ጭራ ያላት፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ራቁት ቆዳ ሰማያዊ የሆነ ወፍ አለች። የቁራ ቤተሰብ ነች። በ1938 ነው ለሳይንስ የተመዘገበችው። ከዚያች አካባቢ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለችም። እኛ ሄዶ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን፤ ይህች ቁራ ግን ከነጭራሹ ከቤቷ አትወጣም።

ለምን እንዳትወጣ ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባ ነበር። ወንዝ አያግዳትም፣ ተራራ አያግዳትም። ያው ግራር፣ ያው ሣር፣ ያው ከብት ከድንበሯ ማዶም አለ። በ2012 የወጣ ጥናት መልሱን ከሙቀት መለኪያ አገኘው። የምትኖርበት አካባቢ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው። ዙሪያው ይሞቃል። ካርታው ላይ የሙቀቱ መስመር ባለበት የወፏም ድንበር አለ፤ የማይታይ አጥር ነው። ጠዋት ጠዋት በመንጋ ሆነው ከቦረና ከብቶች አጠገብ መሬቱን በመንቆራቸው እየቆፈሩ ነፍሳት ሲለቅሙ ታዩዋቸዋላችሁ። ፀሐዩ ሲበረታ ሌሎቹ ወፎች መልቀሙን ይቀጥላሉ። እነሱ መንቆራቸውን ከፍተው እያለከለኩ የግራር ጥላ ሥር ይገባሉ።